ከመርከቡ እራት እስከ ከዚራ፦ የክብር ልብስን ማን ይወስናል?

ጥቅምት 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል አዜ ለ ሪዶ የተባለ የፈረንሳይ መርከብ ጅቡቲ ወደብ ገባ። ከጫናቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ለሚከበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የሚሄዱ እንግዶች ነበሩ። በመርከቡ የነበረው እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ በጉዞ መጽሐፉ እንደጻፈው፣ መርከቡ ወደቡን ሲይዝ የማታው ዳንስ ገና አላበቃም።

በዚያ ዘመን በአንደኛ ማዕረግ ለሚጓዝ ሰው የመርከብ ማታ እንደ ቀኑ አይደለም። ቀን በሸሚዝ ተዘርግቶ ባሕር ሲያይ የዋለ ሰው፣ የእራት ሰዓት ሲደርስ ክፍሉ ገብቶ ልብሱን ይቀይራል። ለወንዱ ጥቁር ኮት፣ ደረቱ በስታርች የደረቀ ነጭ ሸሚዝ፣ የቢራቢሮ ከረባት። ለሴቷ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ የምሽት ቀሚስ። በጣም ለከበረው ምሽት ከኋላው እንደ ወፍ ጭራ የተሰነጠቀው ፍራክ ይወጣል። ለተለመደው እራት ደግሞ አጭሩ ኮት ይበቃል። ይህን አጭር ኮት ፈረንሳዮች ስሞኪንግ ይሉታል፤ አሜሪካኖች በኒውዮርክ አቅራቢያ ባለው የቱክሲዶ ፓርክ ክለብ ስም ቱክሲዶ ብለው ጠሩት። እንደ ሕጉ ያልለበሰ ሰው አዳራሹ ውስጥ እንግዳ ነው። ቲኬቱን በገንዘቡ ቢገዛም፣ ወንበሩን የሚያገኘው በልብሱ ነው።

ይህ ሕግ ለባሕር ብቻ የወጣ ይመስላል። ነገር ግን መርከቡ ጅቡቲ ላይ ሲቆም ሕጉ በሻንጣ ተጠቅልሎ ባቡር ላይ ወጣ። ከጅቡቲ ድሬዳዋ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መደበኛው የመንገደኛ ባቡር ያኔ በሌሊት አይጓዝም፤ እስከ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል። መንገደኛው የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያድረው ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ነው። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ፍራክና ስሞኪንግ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የሚያድርባት ከተማ ድሬዳዋ ነበረች። ከኢትዮጵያ ወደ ባሕር ማዶ የሚወጣ ካባና ሸማም እንዲሁ በድሬዳዋ ያልፋል።

የክብር ልብስ ታሪክ ለዚህች ከተማ የሩቅ ወሬ ያልሆነው ለዚህ ነው። ሁለቱ ሕጎች የተገናኙት እዚህ ጣቢያ ላይ ነው። ሦስተኛውን ልብስ፣ ማለትም የከተማዋን የራሷን ልብስ፣ ግን ማንም አልጠየቀውም።

◾ ሙቀት ያላላው ሕግ

የስዊዝ ቦይ በ1862 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ከአውሮፓ ወደ ህንድና ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄድ መርከብ ሁሉ ቀይ ባሕርን ማቋረጥ ግድ ሆነበት። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ቀይ ባሕር ለአውሮፓዊ ተሳፋሪ መከራ ነበር። በዚያ ሙቀት የሱፍ ኮት ለብሶ፣ አንገቱን በከረባት ታንቆ ትኩስ ሾርባ የሚጠጣ ሰው መሳት እንጂ መብላት አይሆንለትም።

እንግሊዞች መፍትሔ አበጁ። ኮቱ ወለቀ፤ ከረባቱም ተፈታ። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ወገብ ላይ ደግሞ ሰፋ ያለ የሐር መታጠቂያ ቀረ። ይህ አለባበስ «የቀይ ባሕር ልብስ» ተብሎ ተሰየመ። በባሕር ኃይላቸውና በሞቃት አገሮች በሚሠሩ ዲፕሎማቶቻቸው ዘንድ እስካሁን የታወቀ የእራት ልብስ ነው። ማንም ሰው ኮት ያላደረገውን መኮንን ባለጌ አላለውም። ሕግ ሆኖ ተጻፈለት።

መታጠቂያው ራሱ ታሪክ አለው። እንግሊዞች ከመርባንድ ይሉታል። ቃሉ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የወገብ ማሰሪያ» ነው። በእኛ አፍ መቀነት ማለት ነው። የእንግሊዝ መኮንኖች ህንድ ውስጥ አይተው ወደዱት፣ ታጠቁት፣ ከዚያም ለዓለም የምሽት ልብስ አደረጉት። ዛሬ በታላላቅ ግብዣዎች ከቱክሲዶ በታች የምናየው ጥቁር የሐር መታጠቂያ የእስያ ሰው መቀነት ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የአለባበስ ሕግ ከሰማይ አልወረደም። ሕጉን ያወጣው ሰው ሲሞቀው ሕጉ ይላላል። ሕጉ የወጣበት ሰው ሲሞቀው ግን «ሥርዓት አያውቅም» ይባላል።

◾ በባቡር የተወለደች ከተማ

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ሲፈቅዱ ሐዲዱ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሥራው ከባድ፣ ለኪስም ውድ ሆነ። ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሜዳው ላይ ሲደርስ ለአዲሲቱ ከተማ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ አላት፤ የሕዝቡ ስም ጸና።

የባቡር ኩባንያው ከዚራን ሠራ፦ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ የጥላ ዛፎች፣ ጣቢያ፣ የጥገና ፋብሪካ፣ የሠራተኛ ቤቶች። ፈረንሳይኛው ወደ አፋችን ገብቶ ለገሃርና ሸሚን ደፈር ሆነ። ከደቻቱ ማዶ ደግሞ መጋላ አደገች፤ ገበያዋ፣ መስጊዶቿ፣ ጠባብ መንገዶቿ። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ፣ ህንዱና የመኑ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪው፣ ከአማራውና ከጉራጌው ጋር በአንድ ከተማ ኖሩ።

ይህ አኗኗር በልብስ ይታያል። ሐዲዱን ይዞ የመጣው ሰው ኮት ይለብሳል። የየመኑ ነጋዴ ፉጣውን ያሸርጣል። የአገሬው ወንድ ሽርጥ አድርጎ፣ ትከሻው ላይ ነጠላ ጨርቅ ጣል ያደርጋል። ሽርጥ በድሬዳዋ የድህነት ምልክት ሆኖ አያውቅም። ባለሱቁም፣ ሼኩም፣ ሾፌሩም፣ ወደ ቤቱ የገባ የመንግሥት ሠራተኛም ይለብሰዋል። በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ውስጥ ይህ ልብስ ስንፍና ሳይሆን ብልሃት ነው። እንግሊዞች ቀይ ባሕር ላይ ኮታቸውን አውልቀው የደረሱበትን፣ እዚህ ያለው ሰው ከአያቶቹ ተረክቦታል።

ጨርቁም ቢሆን የሚመጣው በዚያው ሐዲድ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት ሸቀጦች ዋነኛው አቡጀዲድ ነበር። መጀመሪያ ከአሜሪካ፣ በኋላ ደግሞ በብዛት ከጃፓን ይመጣ ነበር። ጥቅሉ ድሬዳዋ ይራገፋል፣ ከዚያ በየአቅጣጫው ይበተናል። 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው የሚሠሩበት መንገድ ከስፌት መኪናው ድምፅ የተነሣ «መኪና ግርግር» ተብሏል። የምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰው ልብስ የዓለም ገበያ ልብስ ነው፤ ለባሹ ግን በራሱ ልክ አሰፍቶታል።

◾ የ1916ቱ ጉዞ

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ሚያዝያ 1916 ዓ.ም. እንሂድ። አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በድሬዳዋ አልፈው ጅቡቲ ላይ መርከብ ተሳፈሩ። ራስ ኃይሉ፣ ራስ ሥዩምና ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አብረዋቸው ነበሩ። ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ሮምን፣ ለንደንን፣ አቴንስን ጎበኙ። ለወራት እራታቸው በመርከብ፣ በቤተ መንግሥትና በታላላቅ ሆቴሎች ነበር።

ምን ይልበሱ? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው ከጥቂት ወራት በፊት፣ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ነው። ያውም ስለ ባሪያ ንግድ ብዙ ክርክር ከተደረገባት በኋላ። የአውሮፓ ጋዜጠኛ ካሜራውን አዘጋጅቶ የሚጠብቀው «እነዚህ ሰዎች የሠለጠኑ ናቸው ወይስ አይደሉም?» የሚለውን በዓይኑ ለመፍረድ ነው። ለዚያ ፍርድ የመጀመሪያው ማስረጃ ልብስ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ በትእዛዝ መልሰውታል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1872 የምዕራባውያንን ልብስ የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ልብስ አድርጋ ደነገገች። ቱርክ ከራስ ተፈሪ ጉዞ አንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1925፣ ወንዶች ፌዙን አውልቀው የአውሮፓ ባርኔጣ እንዲያደርጉ ሕግ አወጣች። ሁለቱም «እኩል እንድንታይ እንደ እነሱ እንልበስ» ብለዋል። ለጃፓን በዚያ ዘመን ምክንያት ነበራት፤ ከምዕራባውያን ጋር የተፈራረመቻቸው ውሎች እኩል አልነበሩም፤ እንዲሻሻሉላት ትፈልግ ነበር።

የራስ ተፈሪ ልዑካን ፎቶግራፎች ሌላ መልስ ያሳያሉ። ነጭ እጀ ጠባብ፣ ከጉልበት በታች የሚጠብቀው ነጭ ሱሪ፣ ከላይ ጥቁር ካባ፣ ሰፊ ባርኔጣ። ፍራክ በለበሱ ፕሬዚዳንቶችና ሚኒስትሮች መካከል ካባ የደረቡት ሰዎች ጎልተው ይታያሉ። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። አባታቸው ልዑል ራስ መኮንን በነሐሴ 1894 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ለንደን ሲገኙም የለበሱት የአገራቸውን የክብር ልብስ ነው። ያኔ ባቡሩ ገና ድሬዳዋ አልደረሰም ነበር። ከአድዋ ስድስት ዓመት በኋላ ለንደን የገባ ሰው ልብሱን የሚቀይርበት ምክንያት አልነበረውም። ልጃቸውም ለንደን ላይ የንጉሥ ጆርጅ 5ኛ እንግዳ ሆኑ። ከሰባት ዓመት በኋላ ማህተመ ጋንዲ ያንኑ ንጉሥ በቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ሲያገኙት ነጠላቸውንና ሽርጣቸውን እንደለበሱ ነበር።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. ልዩ መልእክተኛ ሆነው በዚሁ ሐዲድና በዚሁ ወደብ በኩል ጃፓን ሄዱ። ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተሰኘ መጽሐፋቸው የዚያ ጉዞ ፍሬ ነው። የምዕራባውያንን ልብስ ለቤተ መንግሥቱ ከደነገገ 60 ዓመት ገደማ በሆነው አገር፣ ኢትዮጵያዊው መልእክተኛ በካባቸው ታዩ። በዓለም አቀፍ የግብዣ ወረቀት ላይ «ወይም የአገር ልብስ» የምትል ሐረግ እስከ ዛሬ ትጻፋለች። ለዚያች ሐረግ ሥጋ የሰጡት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

◾ «የአገር» የተባለው የማን ነበር?

ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ኩራቱ እውነት ነው፤ ታሪኩ ግን አልተጨረሰም።

ካባ የሁሉም ሰው ልብስ አልነበረም። በቤተ መንግሥቱ ሥርዓት ልብስ ማዕረግ ነው። በወርቅ የተጠለፈ ካባ፣ ለምድ፣ የሐር እጀ ጠባብ የሚለበሰው ሲሸለሙት ነው። ባላገሩ እንዳሻው ሰፍቶ አይደርበውም። ስለዚህ በ1916 ዓ.ም. ፓሪስና ለንደን ላይ «የኢትዮጵያ ልብስ» ተብሎ የታየው የደጋው መኳንንት ልብስ ነው። ልዑካኑ ባለፉበት የድሬዳዋ ጣቢያ ዙሪያ በየቀኑ ሽርጥ አድርጎ የሚወጣ የሚገባው ሶማሌና ኦሮሞም ኢትዮጵያዊ ነበር። የእሱ ልብስ ግን ለየትኛውም አዳራሽ አልታጨም።

ሌላም ነገር አለ። ያ የመኳንንት ልብስ ራሱ ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ነው። በርኖስ የሚለው ቃል ዓረብኛ ነው። ሕዝቡ «ተፈሪ ሱሪ» ብሎ የሰየመው ሱሪ ህንድ አገር ለፈረስ ግልቢያ ከሚሰፋው ሱሪ ጋር ወንድማማች ነው። ሰፊው ባርኔጣ ከአውሮፓ ነው። ሐሩም ከባሕር ማዶ ነው። ይህ ነቀፋ አይደለም። የአገር ልብስ የትም አገር እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ሰው ያየውን ይወስዳል፣ በልኩ ያሰፋል፣ የራሱ ያደርገዋል። ነገር ግን ካባው ከዓረብ፣ ከህንድና ከአውሮፓ ተገጣጥሞ «የአገር ልብስ» ከተባለ፣ ሽርጥ «የመጣው ከማዶ ነው» ተብሎ የሚገፋበት ምክንያት የለም።

ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታትም ይህን አላሰፉትም። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ባለሥልጣናት በትልልቅ ግብዣዎች ፍራክና ስሞኪንግ ከነኒሻኑ ለበሱ። ደርግ መጣና ፍራኩን አወለቀ፤ በምትኩ ካኪና አንገቱ የተዘጋ ጃኬት አመጣ። ከደርግ በኋላ ሱፍና ከረባት ተመለሰ። የብሔር ብሔረሰቦች ልብስ በበዓል ቀን ሰልፍ ላይ ይታያል፤ ሰልፉ ሲያበቃ ይታጠፋል። ሱፉ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ትርኢት ላይ የሚለበስና ስብሰባ ላይ የሚለበስ ልብስ ሲለያይ፣ ክብሩ ያለው የትኛው ላይ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

◾ ሴቶቹ የፈቱት እንቆቅልሽ

ድሬዳዋ ውስጥ ወደ አንድ ሠርግ አዳራሽ የገባ ሰው ልዩነቱን ለማየት ጊዜ አይፈጅበትም። የሶማሌ ሴቶች ስስና ሰፊ ድሪያቸውን ከውስጥ ጎርጎራት ደርበው፣ ሻሻቸውን አስረው ይገባሉ። ሐረሪዋ የሐር ቀሚሷን፣ ሌላዋ ጥበቧን ለብሳለች። ድሪያ የቤት ልብስ አለው፣ የሠርግ ልብስም አለው፤ ልዩነቱ በጨርቁ፣ በጥልፉ፣ በወርቁ ይታወቃል። ማንም ፈረንጅ ስለ ምሽት ቀሚስ ሊያስተምራቸው አያስፈልግም። ሙቀቱን አውቀውታል፣ ማማርንም አልተዉም።

ወንዶቹ ግን ሱፍ ለብሰዋል። ከነሰደርያው፣ ከነከረባቱ። ሙሽራው ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል፣ ሚዜዎቹ ኮታቸውን ለፎቶ ይለብሱና ከፎቶው በኋላ ወንበር ላይ ይሰቅሉታል። ቤታቸው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሽርጥ ማሸረጥ ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ምሽት ሴቷ በራሷ ልብስ ትከበራለች፤ ወንዱ በተዋሰው ልብስ ይቀቀላል።

«ሽርጥ የቤት ልብስ ነው፤ እንዴት ለክብር ይሆናል?» የሚል ይኖራል። መልሱን ከሌላው ዓለም ማየት ይቻላል። በፊጂ ወንዶች ሱሉ የሚባል እንደ ሽርጥ የሚታጠቅ ልብስ አላቸው። ለቢሮና ለሥነ ሥርዓት ሲሆን በሱፍ ጨርቅ፣ ከነኪሱ በልክ ይሰፋል፤ ከኮትና ከከረባት ጋር ይለበሳል። ፖሊሶቻቸውም በሱሉ ሰልፍ ይወጣሉ። በማይናማር ወንድ የምክር ቤት አባል ሎንጂ የሚባለውን ሽርጥ ከአጭር ጃኬትና ከራስ ጥምጥም ጋር ለብሶ ይቀመጣል። እነዚህ ሰዎች የቤት ልብሳቸውን ጨርቁን መረጡለት፣ በልኩ አሰፉት፣ ከዚያም «ይህ የክብር ልብሳችን ነው» አሉ። ዓለምም ተቀበላቸው። ሽርጥን የቤት ልብስ አድርጎ ያስቀረው ስፌቱ አይደለም፤ ውሳኔው ነው።

የመርከቡ ሕግ ራሱ ዛሬ ከብዙ አዳራሾቻችን ይልቅ ሰፊ ሆኗል። አብዛኞቹ የመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች የክብር ምሽቱን አላልተውታል፤ ጥቁር ሱፍ ይበቃል፣ አንዳንዶቹ ጭራሹኑ ትተውታል። በልብስ ጉዳይ ጥብቅ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የእንግሊዙ ኩናርድ እንኳ በታላላቅ ምሽቶቹ ከቱክሲዶ ጎን የአገር ባህል የክብር ልብስን ይቀበላል። ስለዚህ ከዋሽንግተን ወይም ከቶሮንቶ ተነሥቶ በመርከብ ለሽርሽር የሚወጣ ኢትዮጵያዊ ለዚያች ምሽት ሲል ቱክሲዶ መከራየት አይጠበቅበትም። ነጭ የአገር ልብስ ከነኩታው ይበቃዋል። የድሬዳዋ ልጅ ከሆነም በጥሩ ጨርቅ የተሰፋና በደንብ የተተኮሰ ሽርጥ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀለል ያለ ኮት ይዞ ቢወጣ የሚያፍርበት ነገር የለም። ከጎኑ የተቀመጠው ፈረንጅ ወገብ ላይ ያለው ጥቁር ሐርም የእስያ መቀነት ነው።

ጉዳዩ ግን የመርከቡ አይደለም። መርከብ የሚሳፈር ጥቂት ነው፤ ሠርግ፣ ምርቃትና ስብሰባ የሚሄድ ግን ሁሉም ነው። የድሬዳዋ ሆቴሎችና አዳራሾች፣ መሥሪያ ቤቶቿና የግብዣ ካርድ የሚያሳትሙ ቤተሰቦቿ አንዲት መስመር ቢጨምሩ ወጪ የለውም፦ «ሱፍ ወይም የአገር ልብስ፤ ሽርጥም የአገር ልብስ ነው»። ልብስ ሰፊዎቿ ለሠርግ የሚሆን ሽርጥ በልክ መስፋት ቢጀምሩ ደግሞ ገበያ ነው። አንድ ታዋቂ ሙሽራ ደፍሮ ቢለብሰው፣ በሚቀጥለው ዓመት አሥር ሙሽራ ይከተለዋል። ፋሽን የሚሄደው እንዲህ ነው።

ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. በዚህ ጣቢያ ሲያልፉ ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር፦ አዳራሹ ውስጥ ለመግባት ልብሳቸውን አልቀየሩም። ለዚያ ጉልበት የሰጣቸው አድዋ ነው፤ መደፈር የማይፈልግ መንግሥት ከኋላቸው ነበር። ዛሬ የድሬዳዋ ሰው በገዛ ከተማው አዳራሽ፣ በገዛ አየሩ፣ በገዛ ልብሱ ለመከበር አድዋ አያስፈልገውም። የጠራው ሰው ወገኑ ነው፣ ካርዱን የጻፈው ወንድሙ ነው፣ በሩ ላይ የቆመውም የሰፈሩ ልጅ ነው። ሕጉን ያወጣነው እኛ ከሆንን፣ የሚሞቀንም እኛ ከሆንን፣ ማላላቱም የእኛ ሥራ ነው።